ድሬ ለመሄድ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ልብሱን ያሳየኝ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ ወደ ለገሃር በሚወርደው በኩል ናት። ሁለት ማሽን፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ አንድ መስታወት፤ በቃ። ጨርቅ ለማምጣት በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ድሬዳዋ እወርዳለሁ። ይህን የሚያውቁ ደንበኞቼ ለልክ ሲቆሙ ዝም ማለት ይከብዳቸዋል መሰለኝ፣ "ድሬ ልሄድ ነው፤ ምን ልይ? በምን ልሂድ?" ይሉኛል። ስፒል በአፌ ይዤ ለስንቱ ልመልስ? አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር። የአዲስ አበባ ሰው ድሬ ሄዶ የሚቸገረው በሙቀቷ ይመስለዋል። በሰዓቷ ነው። ሁለት ሰዓት ይነሳል፣ ሦስት ሰዓት ቁርሱን ተረጋግቶ ይበላል፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ "እሺ፣ ዛሬ የት እንሂድ?" ይላል። በአራት ሰዓት ተኩል ድሬ ላይ የሚኬደው ወደ ጥላ ነው። እኔም ይህን የተማርኩት ወድቄ ነው፤ እደርስበታለሁ።

መቼ ነው የሚኬደው? ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሂዱ። ያኔ ቀኑ ይሞቃል እንጂ አይጠብስም፤ ሌሊቱም ደስ ይላል። ግንቦትና ሰኔ ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። እኔ ሰኔ የምሄደው ሥራ ሆኖብኝ ነው፤ እናንተን ምን አስገደዳችሁ? አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ ሐምሌ 19ም እንዲሁ። በእነዚህ ቀናት አካባቢ ባቡሩም፣ ባሱም፣ አውሮፕላኑም፣ የድሬ አልጋውም ሙሉ ነው። ለንግሥ ከሆነ የምትሄዱት፣ አስቀድማችሁ ያዙ። ለሽርሽር ከሆነ ከሳምንት በፊት ወይም በኋላ አድርጉት። የረመዳን ወርም ይታሰብ፤ ቀን ምግብ ቤት ማግኘት ያስቸግራል፣ ማታው ግን ልዩ ነው።

መንገዱ

ልጅ ሳለሁ አክስቴ ከድሬ በባቡር ስትመጣ ሮጠን ለገሃር ሄደን ነበር የምንቀበላት። በዘንቢል ካዝሚር የሚባለውን ፍሬ ይዛ ትወርዳለች። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ የፈረንሳዮቹ "ላ ጋር" ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ዛሬ ባቡሩ ከዚያ አይነሳም። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚነሳው ከፉሪ ለቡ ነው። እኛ መሀል ከተማ ያለን ሰዎች የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ "ባቡር ጣቢያው እዚሁ አይደል?" እያልን እንዘናጋለን። ባቡሩ የሚነሳው በጠዋት ስለሆነ ከለገሃር ገና ሳይነጋ ውጡ። በየቀኑም አይሄድም። ቀኑን ሳታረጋግጡ ሆቴል አትያዙ። መታወቂያ ከሌላችሁ ቲኬት የለም።

ከአዳማ በኋላ ከስልካችሁ ቀና በሉ። መሬቱ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ይሄዳል። መተሐራ ላይ የሸንኮራ አገዳው አረንጓዴ ምንጣፍ ይመጣል። እዚያው አካባቢ ደግሞ በሰቃ ሐይቅና በዙሪያው የተበተነው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። በሰቃ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መንገድ የገፋ ሐይቅ ነው። ፈንታሌ ተራራ ከወዲያ ቆሞ ያያችኋል። አዋሽን ካለፋችሁ በኋላ ግራርና ግመል ነው። ሰዉም ቀስ በቀስ ልብሱን ይቀይራል፤ ሽርጥ፣ ጥምጣም፣ ደማቅ ቀለም። እኔ ሁልጊዜ ከሚኤሶ በኋላ አልተኛም። የሴቶቹን ሻሽ አያያዝ አያለሁ። የሙያ ነገር ነው።

ባስ ደግሞ ሌላ አገር ነው የሚያሳየው። ከሚኤሶ በኋላ ወደ ደጋው ይወጣል፤ ጭሮን፣ ሂርናን፣ ቁልቢን አልፎ ደንገጎ ላይ ሲደርስ፣ ድሬ ከታች ሜዳው ላይ ተዘርግታ ትታያለች። ከዚያ የደንገጎን ጥምዝምዝ መንገድ ትወርዳላችሁ። ጆሮ ይደፈናል፣ ጃኬት ይወልቃል። 515 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ነው፤ ፈጣን ነው፣ ግን ምንም አያሳይም። አቅሙም ጊዜውም ካላችሁ በባቡር ሄዳችሁ በባስ ተመለሱ። ያኔ ድሬ ለምን እንደተፈጠረች በዓይናችሁ ታያላችሁ። የድሮው ሐዲድ ከጅቡቲ ተነስቶ ወደ ሐረር ነበር ሊሄድ የታሰበው። ግን ያንን ተራራ መውጣት አልተቻለም። እታች ሜዳው ላይ ቆመ፤ ያም እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። በቆመበት ከተማ በቀለ። መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ነበር የተባለችው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ድሬ በባቡር ከተሜነት በአሥራ አምስት ዓመት ትበልጠናለች ማለት ነው። የድሬ ልጆች ይህን ሳይነግሯችሁ አይለቋችሁም።

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም እዚያ ያለ ሰው ጠይቁ። እኔ ሁሌ አክስቴ ጋ እደውላለሁ።

ልብሱ

እዚህ ላይ ዝም በሉና ስሙኝ።

ጂንስ ይቅር። ወፍራም ነው፣ ላብ ይይዛል፣ ሲረጥብ ይከብዳል፣ ጭን ይልጣል። ፖሊስተርም ይቅር። "ቀላል ነው እኮ" ይሉኛል። ቀላልነቱ ምን ያደርጋል፣ አየር ካላሳለፈ? ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሱና እዩት። ብርሃን በሽመናው መካከል ጭል ጭል ካለ ንፋስም ይገባል። ጥጥ ይሁን፣ ሰፋ ያለ ይሁን፣ እጅጌው ረጅም ይሁን። የአዲስ አበባ ሰው ሙቀት ሲባል ቁምጣና እጅ የሌለው ቲሸርት ይዞ ይሮጣል። የበረሃ ሰው ግን ተሸፋፍኖ ነው የሚሄደው። ሞኝ ሆኖ መሰላችሁ? ፀሐይዋ ቆዳችሁን ካላገኘችው ግማሽ ሥራዋ ቀረ። መጋላ በሚባለው የድሬ ሰፈር ውስጥም ሆነ ገጠሩ ላይ ሸፈን ማለቱ ለአክብሮትም ይጠቅማል።

ሴቶች ድሪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወይም እዚያው ግዙ። ከዚህ ይረክሳል፣ ምርጫውም ብዙ ነው። ለዋሻና ለዳገት ግን ድሪያ አይሆንም፤ ቋጥኝ ላይ ይጠልፋችኋል። ከሥር ሰፊ የጥጥ ሱሪ፣ ከላይ ረጅም ሸሚዝ አድርጉ። ወንዶች ማታ ማታ ሽርጥ ሞክሩ። አንዴ የለበሰ ደንበኛዬ አሁን ቤቱ ሌላ አይለብስም።

ነጠላ አትርሱ። የመርካቶ ተራ ነጠላ ይበቃል። ጭንቅላት ላይ ጥላ ነው፣ አንገት ላይ ፎጣ ነው፣ ውሃ ነክራችሁ ብትጠመጥሙት ማቀዝቀዣ ነው። ጫማ ደግሞ ሶሉ ወፍራም፣ ጣት የሚሸፍን ይሁን። የግራር እሾህ ሰንደል ጫማን እንደ ቅቤ ነው የሚበሳው። አንድ ጃኬት ያዙ፣ አንድ ብቻ። የምትነሱበት ጎህ ላይ ያስፈልጋል፣ ሐረር ከወጣችሁም ያስፈልጋል።

የድሬ ሰዓት

እንዲህ ነው የሚከፋፈለው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፦ ውጡ፣ ተራመዱ፣ ውጡ ውረዱ። ከ4 እስከ 10 ሰዓት፦ ጥላ፣ ምሳ፣ እንቅልፍ። ከ10 ሰዓት በኋላ እንደገና ከተማ። ከተማዋ ራሷ እንዲህ ነው የምትኖረው። እኩለ ቀን ላይ ብዙ ሱቅ ይዘጋል። ዓርብ ደግሞ ለጁምዓ ይዘጋል። ከምሳ በኋላ ጫት የሚቅመው ቤርጫ ላይ ነው፤ የማይቅመው ጋደም ብሏል። በዚህ ሰዓት ሰው ፈልጋችሁ አትድከሙ። "አብሽር፣ ይመጣል" ትባላላችሁ። አብሽር ማለት አይዞህ፣ አታስብ ነው። ይመጣል ማለት ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ ነው።

በባቡር ከገባችሁ የመጀመሪያው ከሰዓት በኋላ ለእረፍት ነው። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ የባጃጁን ዋጋ ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ታጥባችሁ ተኙ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ውጡና ከዚራን በእግር ዙሩ። ከዚራ የፈረንሳዮቹ የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ነበር። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ዛፉ ከግራና ቀኝ ተቃቅፎ ጥላ ይሠራል። የድሮው የባቡር ጣቢያ እዚያው ነው፤ የለገሃራችን ታናሽ እህት ነው የሚመስለኝ፣ ምንም እንኳ በዕድሜ እሱ ቢበልጥ። የሸመንደፈሩን፣ የድሮውን ባቡር ማለቴ ነው፣ የጥገና ክፍል አስፈቅዳችሁ ግቡ። አሮጌዎቹ ማሽኖች፣ አሮጌዎቹ ፉርጎዎች፣ በፈረንሳይኛ የተጻፉት ምልክቶች አሉ። ማሽን ለሚወድ ሰው ግማሽ ቀን ይበላል። እኔ የሲንጀር ማሽኔን ዘይት የምቀባ ሰው ስለሆንኩ አልቸኩልም።

ሲመሽ ሰዉ ሁሉ ወንበሩን አውጥቶ ደጅ ይቀመጣል። ሻይ በወተት፣ ሳምቡሳ፣ ሙሸበክ። ሙሸበክ በስኳር የተነከረ ጣፋጭ ነው፤ አንድ ይበቃል፣ ሁለት ትበላላችሁ። "አቦ" የሚል ሰው ቢጠራችሁ አትቆጡ። የፍቅር ቃል ነው።

በማግሥቱ በጠዋት ቀፊራ ገበያ። ኦሮሞዋ፣ ሶማሌዋ፣ አፋሯ፣ ሐረሬዋ፣ አማራዋ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሸጣሉ፤ አንዷ በሌላዋ ቋንቋ ትከራከራለች። "አካም ጂርቱ" ብሎ ሰላምታ፣ "ገላቶማ" ብሎ ምስጋና፣ ለሶማሌዋ ምስጋናው "መሐድሰኒድ"፤ ይህን ያህል ካወቃችሁ ዋጋ ይቀነሳል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። እንቢ ካሉ እንቢ ነው። ጨርቅና ዕቃ ለምትፈልጉ ታይዋን የሚባለው ገበያ አለ፤ የት እንደምገዛ ግን አልናገርም።

ዋሻው እና ወንዙ

ከከተማው በስተደቡብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ዳገቱ አጭር ነው፣ ግን ቀጥ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ቴያር ደ ሻርዳን የሚባል ቄስም ሳይንቲስትም የሆነ ፈረንሳዊ ከጀብደኛው ጸሐፊ ከአንሪ ደ ሞንፍሬድ ጋር መጥቶ አይቶታል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተቆፍሯል። እኔን የገረመኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከ4,000 በላይ ቁራጭ የቀለም አፈር ተገኝቶበታል፤ ቢመዘን 40 ኪሎ ገደማ ነው። ወደ 40,000 ዓመት የሚሆነው ነው። ሰዎቹ እየፈጩ፣ እየፋቁ፣ የተለያየ ቀይና ቢጫ ያወጡ ነበር። የቀንድ አውጣ ክዳን ዶቃም ተገኝቷል፤ በመቶዎች የሚቆጠር። እኔ ቀይ ክርን ከቀይ ክር ለማመሳሰል ስንት ሰዓት እንደማጠፋ ስለማውቅ፣ እዚያ ዋሻ አፍ ላይ ቁጭ ብዬ "የሙያ አጋሮቼ!" ብያለሁ። ግድግዳው ላይ የደበዘዘ ሥዕልም አለ። ዋሻው ውስጥ ምንም አታንሱ፤ ድንጋይ ቢሆንም።

ብቻችሁን አትሂዱ። የከተማዋ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ አስጎብኚ እንዲያገናኛችሁ ጠይቁ። ከ12 ሰዓት በኋላ ቶሎ ተነሱ፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወርዳችሁ ፉል እየበላችሁ መሆን አለባችሁ።

ወደ ዋሻው ስትሄዱም ሆነ ከተማ ውስጥ ከከዚራ ወደ መጋላ ስትሻገሩ ደቻቱን ታገኛላችሁ። ወንዝ ነው ይሏችኋል፤ እናንተ የምታዩት አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ያቋርጥበታል፣ ገበያ ይቆምበታል። የአዲስ አበባ ሰው ወንዝ ሲባል ሁልጊዜ ውሃ ያለው ይመስለዋል። ደቻቱ ግን ዝናብ የሚመጣለት ከላይ ከደንገጎ ተራሮች ነው። ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ኮከብ እየታየ፣ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በሌሊት መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። አክስቴ ያን ሌሊት ጣሪያ ላይ ነው ያደረችው። ዛሬም ክረምት ላይ ደቻቱን ስትሻገር ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው ታያለች። እናንተም እዩ። ተራራው ጥቁር ደመና ከያዘ፣ ደረቅ አሸዋ ላይ አትቀመጡ፣ መኪና አታቁሙ፣ በድልድዩ ሂዱ። ይህ ለደቻቱ ብቻ አይደለም፤ በአካባቢው ላለ ለማንኛውም ደረቅ ወንዝ ነው።

ለገ ኦዳ፣ ወይም እኔ የወደቅኩበት

ለገ ኦዳ በኦሮምኛ የዋርካ ወንዝ እንደማለት ነው። ከድሬ በስተደቡብ ምዕራብ 38 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። መንገዱ ጠንካራ መኪና ይፈልጋል፤ መጨረሻው በእግር ነው። ከተንጠለጠለ ቋጥኝ ሥር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎች አሉ። አብዛኛው ከብት ነው። እንደ ዛሬ በሬ ሻኛ የላቸውም። ጡታቸው ትልልቅ፣ ቀንዳቸው ረጅም። አረንጓዴ ሣር ከሌለበት አገር ይህን ሁሉ ላም ማን አየ? መልሱ አገሩ ድሮ እንዲህ አልነበረም ነው።

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ሁሉንም ነገር አበላሸሁ። ያረፍኩበት ሆቴል "መኪናው 12 ሰዓት ይመጣል" አለኝ። መኪናው አራት ሰዓት ላይ መጣ። እዚያ ላይ "ዛሬ ይቅር" ማለት ነበረብኝ። የከፈልኩት ገንዘብ አናደደኝና ሄድኩ። ጂንስ ለብሻለሁ። አዎ፣ እኔ፣ ልብስ ሰፊዋ። ግማሽ ሊትር ውሃ ይዣለሁ፤ እሱንም መኪና ውስጥ ጨርሼዋለሁ። ዳገቱን ስጀምር ስድስት ሰዓት ሆኗል። ከዚያ ራሴን አመመኝ። ከዚያ ላቤ ቆመ። "ጎሽ፣ ለመድኩት" አልኩ፤ ሞኝነቴን እዩልኝ። ከዚያ አስጎብኚው የሚለኝ አይገባኝም ጀመር። ጉልበቴ ከዳኝ።

ያነሳችኝ ፍየል የምትጠብቅ እናት ናት። ቋጥኝ ሥር ጎትተው አስገቡኝ። ነጠላዬን በጀሪካን ውሃ ነክራ አንገቴና ብብቴ ላይ አደረገችው። ስነቃ በትንሽ በትንሹ አጠጣችኝ። በኋላ፣ ደጇ ደርሰን፣ ሆጃ አቀረበችልኝ። የቡና ገለባ በወተት ነው። ልጅቷ ጂንሴን እየነካች ሳቀች። ምን እንዳለች ስጠይቅ አስጎብኚው "ድንኳን ለብሳ መጣች ነው የምትለው" አለኝ። ትክክል ናት።

ስለዚህ ምልክቶቹን እወቁ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ቁሙ፣ ጥላ ግቡ፣ ጠጡ፣ ተመለሱ። ሰውየው ግራ ከተጋባ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ ቆዳው ከጋለ፣ ነገሩ ድንገተኛ ነው። ልብሱን አላሉት፣ ውሃ አፍስሱበት፣ አናፍሱት፣ በቀጥታ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ራሱን ካላወቀ በአፉ ምንም አትስጡት።

ውሃ ለግማሽ ቀን ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ያዙ። ይከብዳል፤ ይክበድ። የኦአርኤስ፣ የሰውነትን ፈሳሽ የሚተካ ዱቄት፣ ከረጢት ከፋርማሲ ሁለት ሦስት ግዙ። ካጣችሁ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ልኩን ጠብቁ፤ ጨው መጨመር ጀግንነት አይደለም። መኪናው ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ካረፈደ ወደ ነገ አዛውሩት። ሥዕሎቹ ሺህ ዓመታት ጠብቀዋል።

ሁለተኛ ስሄድ ሦስት ሰዓት ሳይሆን ደርሻለሁ። የጠዋቱ ብርሃን ከጎን ሲገባ ቀዩ ቀለም ከድንጋዩ ላይ ብድግ ይላል። ለዚያች ሴትዮም ድሪያ ሰፍቼ ወሰድኩላት። ልኳን በዓይኔ ነበር የያዝኩት፤ ልክክ አለ።

ሙቀቱ ሲመርራችሁ

ወደ ላይ ውጡ። በሚኒባስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው ሐረር። ደንገጎን ስትወጡ አየሩ ይቀየራል። ሐሮማያ ሐይቅ በስተመንገድ ነው። ደርቆ ሜዳ ሆኖ ነበር፤ ውሃው ተመልሷል። ቀጥሎ አወዳይ፣ የጫት ገበያው። ስለ ሐረር ብዙ ተጽፏል፣ እኔ አልደግመውም። አንድ ሌሊት እደሩ፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ መሪ ሳትይዙ በእግር ጥፉ፣ ማታ ጅብ ሲቀለብ እዩ። መኪና ግርግር የሚባለውን የልብስ ሰፊዎች ተራ ግን አትለፉት። ማሽኖቹ በር ላይ ተደርድረው ሲንጫጩ ከሩቅ ይሰማል።

ከሐረር በጠዋት ወደ ባቢሌ ሂዱ። ለውዝ ግዙ፤ የባቢሌ ለውዝ ነው። ከከተማዋ አለፍ ብሎ፣ በጅግጅጋ መንገድ ላይ፣ የዳካታ ሸለቆ አለ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ አሁን ወደቀ አሁን ወደቀ ያሰኛል። ንፋስና ዝናብ ለስላሳውን በልቶ ጠንካራውን የተወው ነው። አትውጡባቸው። ከመኪና ወርዳችሁ ግማሽ ሰዓት ብትራመዱ ይበቃል፤ ብዙ ሰው በመስኮት አይቶ ያልፋል፣ ያሳዝናል። የባቢሌ የዝሆን መጠለያም እዚያው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የተከለለ። "ዝሆን እናያለን?" ለሚሉኝ መልሴ፦ በሁለት ቀን ጉዞ አታስቡት። ቦታው ሰፊ ነው፣ ቁጥቋጦው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ያለ ጠባቂ አይገባም። ቀን ያላችሁ ለብቻው ያዙት።

ተራራ የምትወዱ ቁንዱዶ አለላችሁ። አናቱ ጠረጴዛ የሚመስል አምባ ነው፣ የዱር ፈረሶች አሉበት። እኔ ከታች ነው ያየሁት። ጉልበቴ ከለገ ኦዳ ወዲህ ይጠራጠረኛል።

አንድ የረሳሁት፦ ትንኝ። ድሬ ላይ ወባ የምታስተላልፍ አዲስ ዓይነት ትንኝ ገብታለች፤ በከተማ በርሜልና ታንከር ውሃ ውስጥ የምትራባ። በዚህ የተነሳ በ2014 ዓ.ም. ወረርሽኝ ነበር፤ በክረምት ሳይሆን በበጋ። ቀን የምትናከስ፣ ደንጊና ቺኩንጉንያ የሚባሉ የትኩሳት በሽታዎችን የምታመጣም አለች። ስለዚህ "አሁን ደረቅ ወቅት ነው" ብላችሁ አትዘናጉ። የሚቀባ ማባረሪያ ቀንም ማታም ተቀቡ፣ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ፣ "ጉንፋን ነው" ሳትሉ ተመርመሩ፤ ድሬ እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩ።

ስትመለሱ ሻንጣው ይሞላል። ካዝሚር ካገኛችሁ ያልበሰለውን ምረጡ፣ የበሰለው መንገድ ላይ ይፈርጣል። ጨርቅ ከገዛችሁ ከመስፋታችሁ በፊት ነክራችሁ አድርቁት፤ ይሰበሰባል። ወደ እኔ ስታመጡም "ነክረነዋል" ብላችሁ አትዋሹኝ፣ በእጄ አውቀዋለሁ። ጃኬቱን ደግሞ ከሻንጣው ሥር አትቅበሩት፤ ከላይ አድርጉት። ባቡሩ ፉሪ ሲደርስ መሽቷል፤ በሩ ተከፍቶ ያ የአዲስ አበባ ብርድ ሲገባ፣ ድሪያ ለብሳችሁ መድረኩ ላይ ሻንጣ ስትበረብሩ ማየት አልፈልግም።